ራበኝ፣ አማረኝ፣ ጣመኝ፣ ጠገብኩ፦ የምግብ ፍላጎትን ከጭንቅላት ጀምሮ ማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው ምሰራው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ ጦሳ ተራራ ላይ ያለው ጉም ገና ሳይነሳ፣ አንዲት ልጅ ገባችና ዙሪያዋን አየት አርጋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ዶክተር፣ ማወፈሪያ አለ?" አለችኝ (ዶክተር አይደለሁም፣ እዚ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)። እሷን አናግሬ ሳልጨርስ ከኋላዋ ተራ ሚጠብቀው ጎልማሳ ሰውዬ ሆዱን በእጁ ደገፍ አድርጎ "ለኔ ደግሞ የሷን ተቃራኒ፣ ማክሻውን" አለ፣ እሷም ሳቀች እሱም ሳቀ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ስጠይቃቸው ግን ሁለቱም መቼ እንደሚርባቸው እንኳን አያውቁም። አንዷ ለምን እንደማይርባት፣ አንዱ ለምን እንደማይጠግብ ሳያውቁ ነው ኪኒን ፍለጋ የመጡት።

እኛ ጋ ብዙ ሚበላ ሰው ሆዳም ይባላል፣ ማይበላው ደግሞ ቡዳ በልቶት ይሆናል ይባላል፣ በቃ ሌላ ማብራሪያ የለም። ሚገርመው ግን ቋንቋችን ከኛ በላይ ያውቃል። ራበኝ ስንል አንድ ነገር ነው፣ አማረኝ ስንል ሌላ፣ ጣመኝ ሌላ፣ ጠገብኩ ደግሞ ሌላ። ሳይንቲስቶች አይጥ ይዘው ስንት ዓመት ደክመው የለዩትን ነገር እኛ እናታችን ኩሽና ውስጥ ሆነን እናወራዋለን። ጭንቅላት ውስጥም አራቱ የተለያየ ኬሚካል አላቸው። ስለዚ መመሪያውን በነዚ አራት ቃላት ነው ምወስዳችሁ።

በቅድሚያ፣ የስኳር መድኃኒት ወይ ኢንሱሊን ምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ወይ ደግሞ ከምግብ ጋር የከረመ ችግር ያለባችሁ (ሆን ብሎ ማስመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ራስን ማስራብ ምናምን) የምግብ ሰዓታችሁን ከመነካካታችሁ በፊት ሚከታተላችሁን ባለሙያ አማክሩ።

ደረጃ 1፦ አራቱን ቃላት ከነባለቤቶቻቸው እወቋቸው

ራበኝ። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን ሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ኮጂማ እና ካንጋዋ ሚባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ያገኙት። ግሬሊን በደም ተጉዞ ጭንቅላት ሥር ያለች ከአውራ ጣት ጫፍ ማትበልጥ ሃይፖታላመስ ምትባል ቦታ ይደርሳል። እዛ ጎን ለጎን ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች አሉ፣ አንደኛው "ብላ" ይላል (ኤጂአርፒ ይባላል)፣ ሌላኛው "በቃ" ይላል (ፖምሲ ይባላል)። ግሬሊን "ብላ" ሚለውን ያስጮኸዋል። አንድ አስገራሚ ነገር ልንገራችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አይጦች ላይ እንደታየው እነዚ "ብላ" ባይ ሴሎች ምግቡ ገና ሳይቀመስ፣ ልክ እንደታየና እንደሸተተ በሰከንዶች ውስጥ ጸጥ ይላሉ። ምግቡ ካልተበላ እንደገና ይጮሃሉ። ማለትም ጭንቅላት የሆድን ባዶነት ብቻ አይደለም ሚለካው፣ ሚመጣውንም ይተነብያል። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደታች ይጠቅመናል።

አማረኝ። ይሄ የዶፓሚን ሥራ ነው። ዶፓሚንን ሰው ሁሉ "የደስታ ኬሚካል" ይለዋል፣ እኔ ግን ይሄ አባባል ያናድደኛል። ዶፓሚን የጠፋባቸው አይጦች ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ ተነስተው አይበሉም፣ ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው ግን ልክ እንደጤነኛው ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣማቸው፣ ግን አላማራቸውም! ዶፓሚን እግር ሚያስነሳው ነው፣ ደስታው ሌላ ነው።

ጣመኝ ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ሚሠራቸው፣ ከሞርፊን ጋር አንድ በር ሚያንኳኩ ኬሚካሎች ሥራ ነው። በዚ ላይ ብዙ ምትቆጣጠሩት ነገር የለም፣ ቶሎ እንለፈው።

ጠገብኩ ሁለት ዓይነት ነው፣ የዛሬ ጥጋብና የከረመ ጥጋብ። የዛሬው፣ ጨጓራ ሲለጠጥ ቬገስ ሚባለው ነርቭ ለጭንቅላት ይነግራል፣ ከዛ ቅባትና ፕሮቲን ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ሲሲኬ ሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ምግቡ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ ይከተላሉ። የከረመው ጥጋብ ሌፕቲን ነው፣ ከሰውነት ስብ ውስጥ ሚወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን ኒውዮርክ ውስጥ ከነባልደረቦቹ ያገኘው። ሌፕቲን "ጎተራው ሙሉ ነው አትስጋ" ሚል ወሬ ነጋሪ ነው። ችግሩ ብዙ የወፈረ ሰው ሌፕቲኑ ሞልቶ ተርፎ ጭንቅላቱ መስማት ያቆማል፣ ጎረቤት ቀን ሙሉ ቴፕ ከፍቶ ጆሯችሁ እንደሚለምደው።

ደረጃ 2፦ ለሦስት ቀን ደብተር ያዙ

ምንም ሳትቀይሩ። ትንሽ ደብተር ግዙ፣ ወይ ሞባይላችሁ ላይ፣ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ረሃቡ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ አምሮቱ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ምን በላችሁ። ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁም ጨምሩበት። የምግብ ካሎሪ ምናምን አትቁጠሩ፣ ማንም ሰው የሽሮ ካሎሪ ቆጥሮ አይዘልቅም።

የኔን አንድ ቀን ላሳያችሁ፣ ሳልዋሽ። "ማክሰኞ። ጠዋት 12፡30 አቦል ብቻ፣ ረሃብ 3። 4 ሰዓት ብስኩት፣ ረሃብ 2፣ አምሮት 7። 8፡15 ምሳ ቆሜ፣ ረሃብ 9፣ በስድስት ደቂቃ ጨረስኩ። ማታ 3 ሰዓት እራት፣ ረሃብ 4፣ ሁለቴ ተጨመረልኝ። 5፡40 ተኛሁ።" ደብተሩን እስክጽፍ ድረስ "እኔ እኮ ብዙም አልበላም" ባይ ነበርኩ። የ4 ሰዓቱን ብስኩት እዩት፣ ረሃቤ 2 ነው! እሱን የበላሁት መደርደሪያዬ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ደጃፍ ላይ ስለተሰቀለ ነው። ምሳውን ደግሞ እዩት፣ 9 እስኪደርስ ጠብቄ በስድስት ደቂቃ። ማታ በ4 ረሃብ ሁለቴ ያስጨመርኩት ለምን እንደሆነ ግን እስከ ደረጃ 7 አልገባኝም ነበር።

ደረጃ 3፦ የትናንት እንጀራ ፈተና

አንድ ነገር ልትበሉ ስትሉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ አሁን የትናንት እንጀራ በሽሮ ቢቀርብልኝ እበላለሁ? አዎ ካላችሁ ርቧችኋል፣ ሂዱና ብሉ፣ ውሃ ጠጥቼ አታልለዋለሁ አትበሉ፣ ግሬሊን በውሃ አይሸወድም። "አይ፣ እሱን አይደለም፣ ሳምቡሳ ነው ምፈልገው" ካላችሁ አምሯችኋል።

ለአምሮት መድኃኒቱ ከለላ ነው እንጂ ትግል አይደለም። ለምን መሰላችሁ፣ ዶፓሚን ሚነሳው ምግቡ አፍ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ምልክቱ ሲታይ ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ ሚባል ተመራማሪ ዝንጀሮዎች ላይ ሲያጠና መጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ ነበር የዶፓሚን ሴሎቹ ሚተኩሱት፣ ዝንጀሮዋ መብራት ሲበራ ጭማቂ እንደሚከተል ከተማረች በኋላ ግን ተኩሱ ወደ መብራቱ ዞረ፣ ጭማቂው ሲመጣ ጸጥ። የኛ መብራት ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ሚንጫጫው ሳምቡሳ ነው፣ ሽታው ነው፣ ከሥራ ስትወጡ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያ መታጠፊያ ነው። እኔ ያደረኩት መንገዱን በሌላ በኩል መቀየር ነው፣ አሥር ደቂቃ ዳገት ጨመረብኝ (ደሴ ዳገት ያልሆነ መንገድ የት አለና)፣ መጀመሪያ ሳምንት ሐራራው ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጭራሽ ትዝ ሳይለኝ ቤት ደረስኩ። ቤት ውስጥም ያው ነው፣ ብስኩቱና ከረሜላው ጠረጴዛ ላይ ካለ ባለፋችሁ ቁጥር መብራቱ ይበራል፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከቶ ቁምሳጥን ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ለውጥ አለው።

ጭራሽ አልበላም ብላችሁ አትማሉ። ዓርብ ዓርብ እበላለሁ ብላችሁ ቀን ቁረጡለት፣ የታወቀ ቀን ያለው አምሮት ሌላውን ቀን አያስቸግርም።

ደረጃ 4፦ ለረሃብ ሰዓት ስጡት

ግሬሊን ልማደኛ ነው። ምሳ ሁሌ 6 ሰዓት ተኩል ምትበሉ ከሆነ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ከፍ ይላል፣ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ሳትበሉም መልሶ ዝቅ ይላል፣ "ርሃቤ አለፈ" ምንለው እሱ ነው። ረመዷን የጾመ ሰው ይሄን ማስረጃ አይፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀን እኩለ ቀን ላይ ሆድ ይጮሃል፣ ራስ ይከብዳል፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምሳ ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፣ ይልቅ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ነው ሚያንገበግበው። ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት ምትጾመው ጎረቤቴም እንደዛው ነው ምትለው።

ስለዚ ሦስት ሰዓት ምረጡና ለሁለት ሳምንት በግማሽ ሰዓት ልዩነት አክብሯቸው። ቁርስ 1 ሰዓት፣ ምሳ 6፡30፣ እራት 1፡30 ብትሉ ጥሩ ነው፣ ሥራችሁ ካልፈቀደ ሌላ ይሁን፣ ሰዓቱ ሳይሆን አለመዋዠቁ ነው ዋናው። ኮምቦልቻ ደሴ ሚመላለስ ሹፌር ደንበኛ አለኝ፣ አንድ ቀን 5 ሰዓት አንድ ቀን 10 ሰዓት ነበር ሚበላው፣ ቀኑን ሙሉ ነበር ሚርበው። አሁን ተራው ምንም ይሁን ምን 7 ሰዓት ላይ ይቆማል፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶም ይሁን ሳይወጣ።

ደረጃ 5፦ በመሃል እረፍት አስገቡ

የመመሪያው እምብርት ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

የጥጋብ ሆርሞኖች ዘግይተው ነው ሚደርሱት። ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ ጥሩ ጥጋብ ድረስ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ እኔ ምሳዬን በስድስት ደቂቃ ስጨርስ ሲሲኬው ገና መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ሰው ተሰብስቦ ከአንድ ትሪ ሲበላ ደግሞ እሽቅድምድም ይሆናል፣ ወንድሞች ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ማፍጠሪያን አስቡት። መጀመሪያ ተምርና ውሃ፣ ምናልባት ትንሽ ሾርባ፣ ከዛ መግሪብ ይሰገዳል፣ ተሰግዶ ሲመለስ ነው ዋናው ምግብ ሚቀርበው። ያቺ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ምን እንደምትሠራ ዐያችሁ? ትንሽ ምግብ አንጀት ደርሶ ሲግናሉ ጀምሯል፣ ጭንቅላትም "ምግብ መጥቷል" ብሎ "ብላ" ባዩን አብርዶታል። እንደ ሥርዓቱ ያፈጠረ ሰው ትሪ ላይ ሲመጣ የሰው ዓይነት ሆኖ ነው ሚመጣው። ሳምቡሳውን፣ ሙሸበኩን፣ ጭማቂውን በአንድ ላይ ደርድሮ ከአዛኑ ጋር ሚጀምረው ግን ሰላት ላይ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል፣ ኧረ ስንቱን አየን።

ይሄንኑ ለአዘቦት ቀን ተጠቀሙበት። ሾርባ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ወይ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ቅድሚያ ብሉ፣ ከዛ ተነሱ፣ እጅ ታጠቡ፣ ለልጆች አቅርቡ፣ ክርስቲያኖች ጸሎታችሁን አድርሱ፣ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቁጭ በሉ። ሁለተኛው ነገር፣ ሲጨመርላችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ፣ "ቆይ ቡናው ይቅረብና" በሉ። ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ሲግናሉ ይደርሳል፣ በደንብ ከራባችሁ ያኔ ትበላላችሁ።

አያቶች ጋ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ወሎ ውስጥ የ66ቱንም የ77ቱንም ረሃብ ያዩ ሰዎች አሁንም ከኛ ጋር አሉ። የኔ አያት ትሪ ላይ የቀረ እንጀራ ስታይ ፊቷ ይለወጣል፣ "በሞቴ ጨርሳት" ትላለች፣ ካልጨረስኩ የታመምኩ ነው ሚመስላት። ሰውነት ረሃብን እንዴት እንደሚያስታውስ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ተቀንሶባቸው ነበር፣ ሰዎቹ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ማውራት፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ፣ ሳህን መላስ ጀመሩ፣ ምግቡ ከተፈቀደ በኋላም ለብዙ ጊዜ ሆዳቸው እየሞላ አልጠግብ አሉ። እነሱ ምግብ እንዳለ እያወቁ ነው ይሄ የሆኑት። ስለዚ አያታችሁን ስለ ሌፕቲን አታስተምሯት። መጀመሪያ ላይ በትንሹ አስቀርባችሁ አንዴ አስጨምሩ፣ ትሪው ይጸዳል፣ እሷም ደስ ይላታል፣ ጉርሻዋንም ተቀበሉ።

ደረጃ 6፦ ትሪው ላይ ያለው

እዚ ጋ እንደ እድል ሆኖ ምግባችን መጥፎ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ ፕሮቲንም ፋይበርም አላቸው፣ የጥጋብ ሆርሞኖቹን ሚጠራው ደግሞ እሱ ነው። የጤፍም የማሽላም እንጀራ ከነጭ ዳቦ ይሻላል። ቆሎ ደግሞ መንጋጋ ስለሚያደክም ማንም በስድስት ደቂቃ አይጨርሰውም። ወጡን አብዙ፣ እንጀራውን ቀነስ አድርጉ፣ ሐይቅ ቅርብ የሆናችሁ ዓሣ ጨምሩበት፣ አለቀ።

ችግር ያለው ሌላ ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ፈሳሽ ስኳር። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ስኳሩ ሳይታኘክ ቶሎ ስለሚወርድ ጭንቅላት እንደ ምግብ አይቆጥረውም፣ ከሱ በኋላ ምሳችሁን ያው ነው ምትበሉት። ሁለተኛው የታሸገ ነገር፣ ብስኩት፣ ቺፕስ። ኬቨን ሆል ሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት 20 ሰዎች አንድ ቦታ አስቀምጦ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ቤት ሚሠራ ዓይነት ምግብ እንደፈለጉ እንዲበሉ አደረገ። በፋብሪካው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ፣ ፍጥነታቸውም ጨመረ። ማንም አላስገደዳቸውም።

ሦስተኛው ዓይነት ማብዛት ነው። በያይነቱ ሲቀርብ ከአንዱ ጠገብኩ ያለ አፍ ለሌላው እንደ አዲስ ይከፈታል፣ ጠገብኩ እና ሰለቸኝ አንድ አይደሉም። ሰርግ ላይ፣ ዒድ ላይ፣ ፋሲካ ላይ ከሆድ በላይ ምንበላው ለዚ ነው። በዓልን በዓል አድርጉት፣ የአዘቦት ቀን ግን ሁለት ዓይነት ወጥ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ እንቅልፍ እና የማታው በረካ

አሁን እንግዲ የኔ የማታ እራት ምስጢር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አስተኛቸው፣ አሥር ሰዓት ከተኙባቸው ሌሊቶች ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወረደ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ወጣ፣ በተለይ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ዱቄት ነክ ነገር አማራቸው። ሁለት ሌሊት ብቻ!

እኛ ቤት ደግሞ ቡና ማታ ነው ሚፈላው። ከእራት በኋላ፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ያለ በረካ መነሳት ነውር ነው። የካፌይን ግማሽ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት የጠጣችሁት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ ያድርና በማግስቱ ከሰዓት ብስኩቱ ይጣራል፣ ማታ በ4 ረሃብ ሁለት ጊዜ ታስጨምራላችሁ። የኔ ነገር ይሄ ነበር።

ቡናውን አልተውኩም፣ ወሎዬ ነኝ። ያደረግነው የቤታችንን የማታ ቡና ወደ 10 ሰዓት ማምጣት ነው፣ ማታ ከመጣ እንግዳ ጋር ደግሞ አቦሉን ለሌላ ትቼ ለወጉ በረካዋን እቀምሳለሁ፣ እሷ ቀጭን ናት። እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፣ አሁን እሷም ደህና ትተኛለች።

ደረጃ 8፦ ቃሚ ለሆናችሁ

ዝም ብዬ ባልፈው ውሸታም ነው ምሆነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ዘመድ ነው፣ ዶፓሚንን በብዛት ያስለቅቃል፣ የጨጓራንም መውረድ ያዘገያል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚቀየር ነው ትኩሱ ሚፈለገው። ምርቃና ላይ ረሃብ የለም፣ እራት ይቀራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ በማግስቱ ሰው ጠዋት ምንም አይበላም ከሰዓት ሐራራው ይመጣል፣ ወይ ደግሞ በጨብሲ ተዘግቶ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሥጋ ይበላል። የምግብ ሰዓት ሚባል ነገር አይኖርም። ክብደት ስለቀነሰ ጤና ነው ማለት አይደለም።

መተው ትልቁ መፍትሔ ነው፣ ግን ነገ ማትተዉ ከሆነ ቢያንስ፦ ሳትበሉ አትቀመጡ፣ ምሳ በ6 ሰዓት ፕሮቲን ያለው ብሉ፣ በለስላሳ ፈንታ ውሃ አቅርቡ፣ 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ። እራት ባይርባችሁም በሰዓቱ ትንሽ ሾርባ ወይ አጥሚት ውሰዱ፣ ግሬሊን ሰዓቱን እንዳይረሳ። የስኳር ሕመም ያለበት ቃሚ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገር፣ አይፈር፣ መድኃኒቱ ሳይበላ ሲወሰድ ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል።

ደረጃ 9፦ ጭንቀት

አጭር ነው። ድንገተኛ ድንጋጤ ምግብ ይዘጋል፣ የከረመ ጭንቀት ደግሞ ኮርቲሶል ሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ከፍ አድርጎ ብዙ ሰው ላይ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል። 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቁራሽ አልወርድ ያላት ጎረቤታችን ነገሩ ካለፈ በኋላ ሌሊት እየተነሳች ዳቦ መብላት ጀመረች፣ ራሷን ሆዳም ብላ ትሰድብ ነበር። እንዲ ከሆነባችሁ ደብተሩ ላይ ከረሃብ ጎን "ምን ተሰማኝ" ሚል ጨምሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብም ሰውም ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ተቋም ሂዱ።

ደረጃ 10፦ ለመክሳት ምትፈልጉ፣ ቀስ በሉ

ከላይ ያሉትን ያደረገ ሰው ሳይራብ ሊቀንስ ይችላል። በወር አሥር ኪሎ ሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ከዘላችሁ ግን ሌፕቲን በአንዴ ይወርድና ሃይፖታላመስ "ድርቅ ገባ" ብሎ ያውጃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት 50 ሰዎች ለአሥር ሳምንት ምግባቸውን በጣም ቀንሰው ከከሱ ከዓመት በኋላም ግሬሊናቸው ገና ከፍ ብሎ፣ የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ገና ዝቅ ብለው አግኝቷል። ተመልሶ መወፈር የስንፍና ነገር አይደለም ለማለት ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ በቂ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ሚያወራለት መርፌ ሴማግሉታይድ ነው። የራሳችን ጂኤልፒ-1 ከተለቀቀ በሁለት ደቂቃ ገደማ ነው ሚፈርሰው፣ መርፌው ግን ጂኤልፒ-1ን አስመስሎ ሳምንት እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው። የዚ መድኃኒት ቤተሰብ ታሪክ ደስ ይለኛል፣ የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ላይ የተፈቀደው፣ ሂላ ሞንስተር ከሚባል የበረሃ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ከተገኘ ነገር ነው የተወለደው። በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ሚወሰድ ነው፣ ከሰው ሻንጣ በፌስታል ገዝታችሁ አትወጉ፣ ፍሪጅ ሚፈልግ መድኃኒት በየት በየት እንደመጣ አታውቁም።

ደረጃ 11፦ ለመወፈር ምትፈልጉ

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሱቅ ለሱቅ "ማወፈሪያ" ተብሎ ሚሸጠው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው፣ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ ግን ሂስታሚንንና ሴሮቶኒንን ስለሚዘጋ፣ ሴሮቶኒን ደግሞ ጥጋብን ከሚረዱት አንዱ ስለሆነ፣ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ሰው ይበላል፣ ይተኛል። ሲያቆም የጨመረው ይወርዳል። ሁለተኛው ዴክሳ፣ ዴክሳሜታሶን፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ፊት ይሞላል፣ ሰው "አማረብሽ" ይላል፣ ከውስጥ ግን ስኳርና ደም ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ኢንፌክሽን ይበረታል፣ የራስ ኮርቲሶል ማምረቻ ይተኛል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ በአንዴ ሲያቆም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚ አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ አንብባችሁ ዛሬ አትጣሉት፣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ በሂደት ይቀነስላችሁ።

ከማንኛውም ነገር በፊት ግን ቼክ አድርጉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ሳያስቡት መክሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛ ስኳር። ልብ ሚመታ፣ እጅ ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ታይሮይድ። ልጆች ከሆኑ ደግሞ የሆድ ትላትል።

ልጅቷን ይሄንን ሁሉ ጠየኳት፣ የለም፣ የለም፣ የለም አለች። ኪኒን አልሸጥኩላትም፣ ትንሽ ተቆጣች፣ ለሦስት ቀን ደብተር ያዢና ነይ አልኳት። ማትመጣ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን መጣች፣ ከአክስቷ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ጀርባ ላይ የተገነጠለ ወረቀት ሰጠችኝ፣ እዛው ባንኮኒው ላይ ቆመን አነበብነው።

"ሰኞ። ጠዋት፣ ቡና። 4 ሰዓት፣ ቡና ከነ ቆሎው። 6 ሰዓት ተኩል፣ ገበያ ስለነበር አልበላሁም። 10 ሰዓት፣ ሻይ አራት ስኳር። ማታ 3 ሰዓት ተኩል፣ ትንሽ እንጀራ፣ ከዛ ቡና።"

ማክሰኞ ያው ነው። ረቡዕም። ወረቀቱን አዙራ አየችው፣ ከዛ "ዶክተር፣ ቆይ እኔ ምሳ ሚባል ነገር የለኝም እንዴ?" አለችኝ።